በነጋዴዎች መካከል ሊኖር ስለሚገባው ኅብረትና ፉክክር

ነጋዴ ከነጋዴ ጋራ መፎካከሩ ገበያን የሚያነቃ፥ ዋጋንም የሚያስተካክል መልካም ነገር ነው። ዳሩ ግን ፉክክሩ ከመጠን ሲያልፍ ለሁሉ የሚጠቅመውን መንገድ ይዘጋል፤ ኅብረቱም ከመጠን ሲያልፍ በገዢው ላይ የሚዶለት ምክር ይሆናል። ስለዚህ በምን ተባብሮ በምን መፎካከር እንደሚገባ ለይቶ ማወቅ የብልህ ነጋዴ ሥራ ነው።

ለዚህ ነገር የአገራችን ባንኮች ታሪክ በቂ ምስክር ነው። ኤ.ቲ.ኤም. የተባለው የገንዘብ መክፈያ መኪና ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ መኪና አይሠራም ነበር። ባለገንዘቡም በደጁ የቆመውን መኪና አልፎ የራሱን ባንክ ፍለጋ ይሄድ ነበር። መኪናውም በውጭ አገር ገንዘብ የሚገዛ ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ ባንክ በየመንደሩ ለብቻው ላቁም ቢል ድካሙ ለባንኩም ለአገሩም ከባድ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

ይህንንም በመረዳት አዋሽ፥ ንብና ኅብረት ባንኮች በ2001 ዓ.ም. ፕሪሚየር ስዊች ሶሉሽንስ የተባለውን ኩባንያ በአንድነት አቋቋሙ። ኋላም ባንኮች ከብሔራዊ ባንክ ጋራ ባለአክሲዮን የሆኑበት ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ደንበኛው ካርዱን በሌላ ባንክ መኪና ባገባ ጊዜ ጥያቄው በኢትስዊች በኩል ወደ ራሱ ባንክ ይደርሳል፤ ባንኩም ሒሳቡን አይቶ ሲፈቅድ መኪናው ይከፍላል፤ ከዚህ በኋላ ባንኮቹ እርስ በርሳቸው ይተሳሰባሉ።

በዚህ ሁሉ ፉክክራቸው አልቀረም። በብድር፥ በወለድ፥ በደንበኛ አያያዝ ዛሬም አንዱ ሌላውን ለመብለጥ ይጥራል። የተባበሩት በመንገዱ ነው እንጂ በዋጋው አይደለም።

ወሰኑም ይኸው ነው። መንገዱን በጋራ መሥራት ልማት ነው፤ ዋጋን ተማክሮ መቍረጥ፥ ገበያንም ተከፋፍሎ መያዝ ግን ሸማቹን መበደል ነው። አዋጅ ቍጥር 813/2006 ተፎካካሪዎች እንዲህ ያለውን ስምምነት እንዳያደርጉ የከለከለውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ነጋዴዎች ለኅብረት በተሰበሰቡ ቍጥር አስቀድመው ሊጠያየቁት የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከስምምነታቸው የተነሣ የገዢው መንገድ ይሰፋለት ወይስ ይጠብበት እንደ ሆነ ነው።