«ነገ ተመለስ» የሚል ሹም

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የተጻፈው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ፣ ካለው እኩሌታውን ለድኆች ሊሰጥ፣ በግፍ የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ። ለባለሥልጣን ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን ገንዘብ ቢመለስ ጊዜ አይመለስም። በታች አርማጭሆ፣ ሰሊጥ በሚታረምበት ወራት አንድ ገበሬ እርሻውን ትቶ ጉዳዩን ለማስፈጸም ሳንጃ ከተማ ቢመጣ፣ ጸሐፊውም ያለ በቂ ምክንያት «ነገ ተመለስ» ቢለው፣ የጠፋበትን የሥራ ቀን በስንት እጥፍ እንከፍለዋለን? አረሙ እንደ ሆነ ቀጠሮ አይጠብቅም። ስለዚህ ዛሬ በወንበር የተቀመጥን፣ ነገም የምንቀመጥ ወጣቶች ሁሉ፣ በጎ ሥራ ማለት ምጽዋት ብቻ አለመሆኑን እንወቅ። ዛሬ ሊፈጸም የሚቻለውን ዛሬ መፈጸም፣ የማይቻለውንም ሳያመላልሱ በግልጽ መናገር፣ ሹም ለባልንጀራው ሊያደርገው የሚገባ የመጀመሪያው ደግነት ነው።