ክሮንና ባዶው ፋይል

ክሮን በዩኒክስና በዘመዶቹ ላይ ሰዓት ጠብቆ ሥራ የሚያስጀምር ፕሮግራም ነው። ደቂቃውን፣ ሰዓቱን፣ ቀኑን፣ ወሩን፣ የሳምንቱን ዕለትና ትእዛዙን በአንድ መስመር ትጽፉለታላችሁ፤ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ ነበር፤ ዛሬም ሌሊት ሌሊት ይሠራል፣ አመስጋኝ ግን የለውም።

ሰው የሚጨነቀው በአምስቱ የጊዜ ቦታዎች በሚጻፉት ኮከቦች (*) ነው። እኔን የሚማርኩኝ ክሮንን ማን ማዘዝ እንደሚችል የሚወስኑት ሁለት ፋይሎች፣ ክሮን-አላው እና ክሮን-ዲናይ ናቸው። ፖዚክስ የሚባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም መስፈርት እንደሚለው፣ አላው ካለ ስሙ እዚያ የተጻፈ ብቻ ይፈቀድለታል። አላው ከሌለ ዲናይ ይታያል፤ ስሙ ያልሰፈረበት ያልፋል። ሁለቱም ከሌሉ ከዋናው አስተዳዳሪ በቀር ማንም አይፈቀድለትም። ዲናይ ብቻውን ኖሮ ባዶ ከሆነ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ምንም ያልተጻፈበት ፋይል መኖሩ ይፈቅዳል፣ መጥፋቱ ይከለክላል!

ጫኖ ውስጥ የሙዝ ነጋዴዎችን ሒሳብ ፌዶራ በተባለው ሊኑክስ የሚይዝ አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ባዶ ስለሆነ ቆሻሻ መስሎኝ አጠፋሁት» ብሎኛል። ፌዶራ ዲናይን ባዶውን አዘጋጅቶ የሚመጣው በምክንያት ነበር። በማግስቱ ጸሐፊዋ አዲስ ሥራ ልታስገባ ስትል ተከለከለች፤ ቀድሞ የገባው የሌሊት ባክአፕ ግን መሥራቱን አላቋረጠም። ሁለቱ ፋይሎች የሚጠየቁት ሰው የሥራ ዝርዝሩን ሊነካ ሲል እንጂ ሥራው ሊነሳ ሲል አይደለም። የተሰናበተ ሠራተኛን ስም ዲናይ ላይ ጽፋችሁ ተገላገልን የምትሉ አስተዳዳሪዎች፣ እባካችሁ ዝርዝሩንም አጥፉ።

ሌላው ሊኑክስ ዴቢያን ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ ሁለቱም ፋይሎች በሌሉበት ለሁሉም ይፈቅዳል። ከዴቢያን በወጣው በኡቡንቱ የለመደ እጅ ፌዶራ ላይ የሚሳሳተው ለዚህ ነው።

የሁለቱ ፋይሎች ቦታስ? የቀድሞው መስፈርት በዩኤስአር፣ ከዚያ በሊብ ሥር፣ ክሮን የሚባል ማውጫ ብሎ ቆርጦ ነበር። የኋለኛው ለአምራቹ ፈቃድ ተወው። ስለዚህ ሊኑክስ ኢቲሲ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ሶላሪስ እዚያው ኢቲሲ ሥር ክሮን-ዲ ውስጥ፤ ኤአይኤክስ ቫር ሥር አድም ውስጥ። ፍሪቢኤስዲ ስማቸውንም አሳጥሮ አላው እና ዲናይ ብቻ ብሏቸዋል። መስፈርት አውጪዎቹ ሕጉን አጽንተው አድራሻውን መልቀቃቸው፣ በእኔ ግምት፣ ስንፍና ነው።

የሥራ ዝርዝሮቹ ራሳቸው በአብዛኛው ቫር ሥር ስፑል ውስጥ አሉ። እነሱን በቀጥታ ከፍቶ መጎርጎር ነውር ነው፤ ክሮንታብ የሚባለው ትእዛዝ ስህተት ሲያይ ይመልሳችኋል፣ እጃችሁ ግን አይመልሳችሁም።

ሰዓትም አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለክሮን 2 ነው። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት ከተሞላ ያው 2 የሚነሳው ከሌሊቱ 11 ላይ ነው። ክሮን ጳጉሜንን ጨርሶ አያውቃትም። በ8 ሰዓት መብራት ከሌለ ሥራው ያመልጠዋል፣ ሲበራም አያካክስም። ለዚህ አናክሮን አለ፤ እያንዳንዱ ሥራ መጨረሻ የተሠራበትን ቀን ጽፎ ይይዝና ማሽኑ ሲነሳ ያለፈውን ያስነሳል። ከቀን ያነሰ ግን አይቆጥርም።