አካቶ ከመሠረቱ፦ የአዊ ገጠር የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ማንን አስቦ ይሠራል?



ስለ ገጠር ትምህርት ሽፋን፣ ስለ ጥራቱና ስለ መምህራን እጥረት በየመድረኩ ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ የማነሣው አንድ ጥያቄ ነው። ማኅበረሰቡ ገንዘቡን፣ ጉልበቱንና እንጨቱን አዋጥቶ ትምህርት ቤት ሲሠራ በዚያ ቀበሌ ያለ ልጅ ሁሉ ሊማርበት ይችላል ወይ? የእኔ አቋም አካቶ ትምህርት ሕንፃው ካለቀ በኋላ ሊጨመር አይችልም የሚል ነው። ሕዝቡ ስለ ትምህርት ቤቱ ለመምከር በተቀመጠበት በመጀመሪያው ቀን ይወሰናል።

ሦስት ቃላት እየተቀላቀሉ ስለሚነገሩ አስቀድሜ ልዩነታቸውን ላስቀምጥ። ልዩ ትምህርት ቤት ማየት ወይም መስማት ለተሳናቸው ልጆች ተለይቶ የሚቋቋም ነው። ልዩ ክፍል በመደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሆኖ ልጆቹ ለብቻቸው የሚማሩበት ነው። አካቶ ትምህርት ደግሞ ልጁ ከሰፈር እኩዮቹ ጋር እንዲማር ትምህርት ቤቱ ራሱን የሚያስተካክልበት ሥርዓት ነው። ይህን መርሕ ለዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 በስፔኗ ሳላማንካ ከተማ የወጣው መግለጫ ነው። በአገራችንም ትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቶ በ2004 ዓ.ም. ከልሶታል። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ስለዚህ ችግራችን የሕግ እጥረት ነው ለማለት ያስቸግራል። ከሕጉ እስከ ቀበሌው ያለውን መንገድ ነው መመርመር ያለብን።

የአዊ ሕዝብ የመደራጀት ችሎታው የታወቀ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከሰማንያ ዓመት በላይ ዘልቆ፣ ዛሬም ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ደቦና ዕድር በየመንደሩ አሉ። በክልላችን ገጠር በርካታ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ በዳስ፣ ቀጥሎ በጭቃና በእንጨት፣ ኋላም በብሎኬት የተሠሩት በሕዝብ መዋጮ ታግዘው ነው። በቅርቡም ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ የጀመረው ንቅናቄ የቆመው በዚሁ አቅም ላይ ነው።

ሆኖም መዋጮ ድምፅ ይሰጣል። ብዙ ያዋጣ በስብሰባው ብዙ ይሰማል፤ ያላዋጣ ወደ ኋላ ይቀመጣል። ልጇን አዝላ በየጠበሉ የምትንከራተት እናት፣ መሬት የሌለው አባወራ፣ ወላጆቹን ያጣ እረኛ፣ እነዚህ ከስብሰባው ይቀራሉ። ቢገኙም ለመናገር ይሳቀቃሉ። በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረትም ሆነ በቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ የሚመረጡት አብዛኛውን ጊዜ ልጆቻቸው ቀድሞውኑ የሚማሩላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት የሚለው ስም ብቻውን ትምህርት ቤቱ የሁሉም ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ነው። ትምህርት ቤት የሚያውቀው የተመዘገበውን ልጅ ነው። በጓዳ የተደበቀው በመዝገቡ ላይ የለም፤ በመዝገብ ላይ ያልሰፈረ ደግሞ በበጀትም በወንበር ቁጥርም አይታሰብም። ዕድር ግን እያንዳንዱን ቤት ያውቃል፤ ለቅሶ ቤት ሄዶ የቤተሰቡን አባላት አይቷል። ከነሐሴ ምዝገባ በፊት መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የዕድር ዳኞች ቤት ለቤት ቢሄዱ «ስንት ልጅ አላችሁ?» ከሚለው ይልቅ «ቤት የሚውል ልጅ ማን ነው? ለምን?» ብለው ቢጠይቁ ይበጃል። ቆጠራው ለመንደሩ እንግዳ የሆነውንም ይጨምር። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው ቻግኒ የደረሱት ቤተሰቦች ልጆቻቸውንም ይዘው ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ በነባሩ ቀበሌ መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ ብቻ ከትምህርት መቅረት የለበትም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን የቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋም፣ በሮቹ እንደገና ሲከፈቱ ማን እንደተመለሰና ማን እንደቀረ የሚያውቅ መዝገብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ግንባታው ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ዝናባማ ደጋ ናት። ጎርፍና ጭቃ ስለሚያስቸግር የመማሪያ ክፍል ወለል ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይሠራል፤ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ካለ፣ በተለመደው 1 ለ12 መጠን 6 ሜትር የሚረዝም ተዳፋት መወጣጫ ይፈልጋል። ስድስት ሜትር ቦታ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት በቀላሉ ይገኛል። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ከአጥር፣ ከፍሳሽ ቦይና ከዛፍ ጋር መጋጨት ይመጣል። መወጣጫው ተሠርቶ መጸዳጃ ቤቱ በጭቃ ማዶ ከሆነም ልጁ እስከ ቀትር ተቸግሮ ይውላል፤ በማግስቱ ይቀራል። የወር አበባ ያየች ልጃገረድም በር የሚዘጋና ውኃ ያለው መጸዳጃ ካላገኘች እንዲሁ ትቀራለች። አካቶ ለጥቂት ልጆች የሚደረግ ውለታ ተደርጎ መታየት እንደሌለበት ከዚህ እንረዳለን።

ድምፅም የግንባታ ጉዳይ ነው። ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የመምህሩ ቃል ለፊተኛው ረድፍ እንኳ አይሰማም። ጆሮው በከፊል የሚሰማ ልጅ በዚያ ሰዓት ጨርሶ ከትምህርቱ ይወጣል። አዊ የቀርከሃ አገር ነው። ከቀርከሃ የተሠራ ኮርኒስ ድምፁን ያበርዳል፤ የአካባቢው ባለሙያም ሊሠራው ይችላል። በጃዊ ቆላ ደግሞ ዋናው ጠላት ሙቀቱ ስለሆነ ጥላና ሰፊ መስኮት ይቀድማሉ። አንድን ፕላን ለደጋውም ለቆላውም መስጠት አይገባም።

ሦስተኛውና ከባዱ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ አዊኛ ከእነዚያ አንዱ አልነበረም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ከፈቀደ ወዲህ አዊኛ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ሆኗል። ይህ ራሱ ትልቅ የአካቶ እርምጃ ነው፤ ብዙ ልጆችን ከዝምታ አውጥቷል።

መስማት የተሳነውን ልጅ ግን ይህ መብት አልደረሰውም። በሚናገር ቤተሰብ ውስጥ ተወልዶ፣ አፉን የሚፈታበት ቋንቋ በቤቱ የለም። ቋንቋ አነጋጋሪ ይሻልና በቀበሌው ብቻውን ከሆነ የምልክት ቋንቋን ከማን ይለምዳል? ለዚህ ልጅ በአቅራቢያው ያለው ትምህርት ቤት፣ ከአርባ ልጆች መካከል ብቻውን የሚቀመጥበት ሊሆን ይችላል። ማየት የተሳናት ልጅ ጉዳይ የተለየ ነው። እርስዋ ከእኩዮቿ ጋር በአዊኛ ታወራለች፣ ትጫወታለች፤ ብሬል የሚያስተምር ተዘዋዋሪ መምህር ካገኘች በመንደሯ መማር ትችላለች።

ስለዚህ የሁለቱ መፍትሔ አንድ አይደለም። መስማት የተሳናቸውን ልጆች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጉድኝት ማዕከል፣ ለምሳሌ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ከተማ ትምህርት ቤቶች፣ በቁጥር ማሰባሰብ ያስፈልጋል። የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህርና መስማት የተሳነው ጎልማሳ አብሯቸው ይኑር፤ ሰሚ እኩዮቻቸውም ቋንቋውን ይማሩ። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ የሰባት ዓመት ልጅ ከእናቱ ይርቃል፣ ማረፊያና ቀለብ ይፈልጋል። ይህን ለወላጅ ብቻ መተው ልጁን ወደ ጓዳ መመለስ ነው። የማኅበረሰቡ መዋጮ ከቆርቆሮና ከምስማር ባሻገር የዚህን ልጅ ማረፊያም ሊሸፍን ይገባል የምለው ለዚህ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ መምህር፣ መሐንዲስ፣ ጤና ባለሙያ፣ የወረዳ ባለሙያ ትሆናላችሁ። በተመደባችሁበት ቀበሌ ስለ ትምህርት ቤት ስብሰባ ሲጠራ ቁጥሩን ከማጽደቃችሁ በፊት ያልመጣው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ቤቱም ድረስ ሂዱ። ለተመራማሪዎቻችን ደግሞ አንድ ሥራ አለ። በዞናችን በየቀበሌው ቤት የሚውሉ ልጆችን፣ ከነምክንያታቸው፣ በአዊኛና በአማርኛ የሚመዘግብ ቀላል ቅጽ አዘጋጅተን በጥቂት ቀበሌዎች መሞከር እንችላለን። ከሚቀጥለው ምዝገባ በፊት ቢጀመር ደስ ይለኛል፤ አብሮኝ መሥራት የሚፈልግ ከጥያቄና መልሱ በኋላ ያነጋግረኝ።