አጥሚቱ ትንሽ ይቆይ

ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ የተገዛ የአጃ ዱቄት እቤት አጥሚት ይሆናል። ቀጠን ተደርጎ ይፈላል፣ በነጠላ ይጠለላል፣ ፔርሙዝ ውስጥ ገብቶ በባጃጅ ሆስፒታል ይደርሳል። የፅኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ግን ይቆማል።

«አንቺ ልጅ፣ ሳይቀዘቅዝ ስጪልኝ» ትላለች እናት ነርሷን።

«ቆዪ እማ፣ መጀመሪያ ቱቦው የት እንዳለ ልይ።»

ነርሶች «ኤንጂ» የሚሉት ይህ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ ገብቶ ጨጓራ ይደርሳል። ጉሮሮ ላይ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል፤ ከፊት የአየር ቧንቧ፣ ከኋላ የምግብ ቧንቧ። ነቅቶ ያለ ሰው ቱቦው ወደ አየር ቧንቧው ቢሳሳት ትን ይለዋል፣ ያስላል። ራሱን የሳተ ሕመምተኛ ግን ላያስል ይችላል። ያኔ ለጨጓራ የታሰበው አጥሚት ሳንባ ይገባል፤ ይህ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ጥንቃቄው ከልኬቱ ይጀምራል። ቱቦው ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጉትቻ ማንጠልጠያ፣ ከዚያም እስከ ደረት አጥንት የታችኛው ጫፍ ይለካል። ከገባ በኋላ አፍንጫው ላይ በፕላስተር ይታሰርና አፍንጫው ደጃፍ ላይ ያረፈው የቱቦው ልኬት ቁጥር ካርድ ላይ ይጻፋል። ቁጥሩ ከተለወጠ ቱቦው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

ብዙ ነርስ የተማረው ዘዴ በስሪንጅ አየር እየገፉ ሆድ ላይ በማዳመጫ መስማት ነው። ጆሮ ግን ያታልላል፤ ቱቦው ሳንባ ውስጥ ሆኖም ድምፁ ሆድ ላይ ሊሰማ ይችላል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ለጤና ተቋማቷ ባወጣችው ማስጠንቀቂያ በዚህ ዘዴ እንዳይተማመኑ ነግራለች።

የተሻለው በስሪንጅ ጥቂት ፈሳሽ ስቦ የአሲድ መለኪያ (ፒኤች) ወረቀት ላይ ማንጠብ ነው። የወረቀቱ ቀለም 5.5 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ የጨጓራ አሲድ ነው ይባላል። ፈሳሽ እምቢ ካለ ሕመምተኛውን በግራ ጎኑ አስተኝቶ ትንሽ ጠብቆ እንደገና መሳብ ነው። ኦሜፕራዞልን የመሰለ አሲድ ቀናሽ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሊል ስለሚችል ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም።

ጥርጣሬ ሲኖር ዳኛው ራጅ ነው። ቱቦው ደረት መሃል ቀጥ ብሎ ወርዶ፣ ከድያፍራም በታች ወደ ግራ መታጠፍ አለበት። ራጁ የሚመሰክረው ግን ለተነሳበት ሰዓት ብቻ ነው። ሕመምተኛው ካስመለሰ፣ ከሳለ ወይም ከተገላበጠ ቱቦው ሊወጣ ይችላል። በየምግቡ ፊት እንደገና የሚታየው ለዚህ ነው።

ነርሷ ቁጥሩን አየች፣ ስባ አነጠበች፤ ወረቀቱ 4 አለ። የአልጋውን ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና አደረገችና ስሪንጁን ከፍ አድርጋ አጥሚቱን ቀስ ብላ ለቀቀችው።

ፔርሙዙ ሲከፈት ገና ይጨስ ስለነበር አብርዳ ነው የሰጠችው።