ርካሹ ቲኬት ያስከፈለን ሌሊት

አምና በረመዷን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት እናታችንን ይዘን ለዑምራ ተነሣን። አራት ነበርን። ሐሳባችን እናታችን 27ኛውን ሌሊት በመካ ሐረም እንዲያሳልፉ ነበር፤ ለዓመታት ሲመኙት የኖሩት ነው።

ከአዲስ አበባ ጅዳ በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በዚያ ሰሞን ግን ዋጋው ከበደን። ስለዚህ በአንዱ አየር መንገድ እስከ አንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ፣ በሌላው ደግሞ ከዚያ እስከ ጅዳ ለየብቻ ቲኬት ቆረጥን። በመካከሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበረን፤ በቂ መስሎን ነበር።

በ26ኛው ቀን ጠዋት ስንነሣ የመጀመሪያው አውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ። ደርሰን ስንሮጥ ሠራተኛው፣ “ሻንጣችሁ የተላከው እስከዚህ ብቻ ነው፤ ወጥታችሁ ተቀብላችሁ እንደገና አስመዝግቡ” አለን። ለመውጣት የአገሩ ቪዛ ያስፈልጋል፤ እኛ የያዝነው የሳዑዲን ብቻ ነው። ይህን ስንነጋገር የጅዳው በረራ ተዘጋ።

ሁለተኛው አየር መንገድ “ያልቀረቡ መንገደኞች” ብሎ መዘገበን። የመጀመሪያው “እኛ ያዋዋልነው እስከዚህ ነው፤ አድርሰናችኋል” አለ። መሄጃውን ስላልተጠቀምንበት የጅዳው ቲኬት መመለሻም አብሮ ተሰረዘ።

መግሪብ ሲደርስ አጠገባችን የተቀመጠ የማናውቀው መንገደኛ በሰጠን ተምር አፈጠርን። እናታችን ሌሊቱን በአውሮፕላን ማረፊያው መስገጃ ክፍል አሳለፉት። “አላህ ኒያችንን ያውቃል” ብለው አጽናኑን፤ እኛ ግን አንገታችንን ደፋን። በማግስቱ አዲስ ቲኬት ስንገዛ ሻንጣው ተፈልጎ ተዛወረልን። ወጪው ተደምሮ ከቀጥታው በረራ በለጠ።

ዘንድሮ ለዑምራ ወይም ለዒድ ዘመድ ጥየቃ የምትነሡ ቤተሰቦች ከእኛ ተማሩ። ለቲኬት ቆራጩ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ “ሁለቱም በረራ በአንድ ቲኬት ነው ወይስ በሁለት?” ብላችሁ ጠይቁ። እያንዳንዱ መንገደኛ 13 አኃዝ ያለው የቲኬት ቁጥር አለው። ሁለቱም በረራ በዚያው ቁጥር ሥር ከተጻፈ፣ አየር መንገዶቹ የተለያዩ ቢሆኑም፣ የመጀመሪያው በመዘግየቱ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሌላ በረራ ያሳፍሯችኋል። ሻንጣችሁም አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ እስከ መድረሻው ይላካል። ቁጥሩ ሁለት ከሆነ ግን አንዱ ስለ ሌላው አያገባውም።

በሁለት ቲኬት መሄድ የግድ ከሆነ በመካከሉ ሰፊ ጊዜ፣ ቢቻል አንድ ሙሉ ቀን፣ ተዉ። የመሸጋገሪያው አገር ቪዛ እንደሚያስፈልጋችሁ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የሚቻል ከሆነ በእጅ ሻንጣ ብቻ ተጓዙ። ሁለተኛውን ቲኬት ቀን ሊለወጥ የሚችለውን ግዙ። መዘግየቱን እንዳወቃችሁ አውሮፕላኑ ሳይነሣ ለሁለተኛው አየር መንገድ ደውሉ፤ ከተነሣ በኋላ መነጋገር ከባድ ነው።

የኢሕራም ልብስ፣ የአረጋውያን መድኃኒትና ጥቂት ተምር ከእጃችሁ አይለዩ። ከባሕረ ሰላጤው ወደ ጅዳ ሲበረር ሚቃቱ የሚታለፈው ገና በአየር ላይ ሳሉ ነው። ኢሕራሙ ጭነት ውስጥ ከገባ ምን ይለበሳል?

ሰሞኑን አክስታችን ከልጆቻቸው ጋር ለዑምራ ሊነሡ መሆኑን ነገሩን። ሁላችንም ስንት ከፈላችሁ ልንል ስንል እናታችን ቀደሙን።

“ቲኬቱ አንድ ነው ሁለት?” አሏቸው።