«ፈር መያዝ»፦ ከእርሻ ማሳ ወደ አንደበት የገባ የሥርዓት ቃል

በአማርኛ አንድ ሥራ ተስተካክሎ መሄድ ሲጀምር «ፈር ያዘ» ይባላል። ውይይት ከተነሣበት ጉዳይ ወጥቶ ወደ ዘለፋ ሲያመራ ደግሞ «ፈሩን ለቀቀ» እንላለን። ማንም ባልሄደበት መንገድ ቀድሞ የሄደውን ሰው «ፈር ቀዳጅ» ብለን እናከብረዋለን፤ እ.አ.አ. በ1960 በሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ ለአፍሪካ የረጅም ርቀት ሯጮች ፈር ቀዳጅ መባሉ ለዚህ ነው። ሦስቱም አባባሎች የፈለቁት ከአንድ ስፍራ ነው፤ እርሱም በበሬ የሚታረስ ማሳ ነው።

ፈር ማለት ማረሻ መሬቱን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚተወው መስመር ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ሁለት በሬዎችን በቀንበር ጠምዶ፣ በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ ያርሳል። የብረት ማረሻው አፈሩን ገልብጦ አይጥለውም፤ ይሰነጥቀዋል፣ ይቀደዋል። «ፈር ቀዳጅ» በሚለው ሐረግ ውስጥ «መቅደድ» የሚለው ግሥ የገባውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ባልታረሰ መሬት ላይ የመጀመሪያውን ፈር ማውጣት ጥንቃቄን ይጠይቃል። ቀጣዩ ፈር የሚወጣው ያንን ተከትሎ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ከተጣመመ ተከታዮቹም ይጣመማሉ። በፈርና በፈር መካከል ሳይነካ የሚቀር መሬት ስለሚኖርም ገበሬው ተመልሶ ማሳውን በአግድም ያርሰዋል። ለጤፍ የታሰበ ማሳ ከመዘራቱ በፊት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ በገበሬው ዘንድ ሥርዓት አንድ ጊዜ ተበጅቶ የሚተው ነገር አይደለም፤ በየእርሻው ዙር እንደገና የሚጠበቅ ነው።

«ትልም» የሚለው ቃልም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በመሠረቱ በማረሻ የተሰመረ መስመር ማለት ሲሆን፣ ዛሬ በጽሑፍ ቋንቋ ዕቅድን ይገልጻል። ዕቅድ ያወጣ ሰው ዘሩን ገና አልዘራም፤ ዘሩ የሚያርፍበትን መስመር ግን አስምሯል።

ይህ አስተሳሰብ በሌሎች ሕዝቦችም ዘንድ ይገኛል። ጥንታውያን ሮማውያን ፈርን «ሊራ» ይሉት ነበር፤ ከፈር መውጣትን የሚገልጸው «ዴሊራሬ» የተሰኘው ግሣቸው የአእምሮ መቃወስን ለመግለጽ ዋለ። ሐኪሞች ዛሬም «ዴሊሪየም» የሚሉት ሕመም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የዐረብኛው «ኒዛም» ግን ምስሉን ከማሳ አልወሰደም። ሥረ መሠረቱ «ነዘመ» ሉልን ወይም ዶቃን በክር መሰካት ማለት ሲሆን፣ ኒዛም ሉሎቹን የሚያያይዘው ክር ነው። በዚህ አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቃሉን በየዕለቱ ይሰሙታል፤ በሳዑዲ ዓረቢያ የሥራ ሕጉ «ኒዛሙል ዐመል» ይባላል። ክሩ ሲበጠስ ሉሎቹ ይበተናሉ፤ ፈር ሲለቀቅ ማሳው ይበላሻል።

ከአገሩ ርቆ ለሚሠራ ሰው ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የሥራ ውል ከመፈረሙ በፊት ደመወዙ፣ የዕረፍት ቀኑና የመመለሻ ወጪው በግልጽ ከተነበበ፣ የመጀመሪያው ፈር ቀጥ ብሎ ወጣ ማለት ነው። ወደ ቤተሰብ የሚላከው ገንዘብም እንዲሁ ነው። ስንቱ ለቀለብ፣ ስንቱ ለልጆች ትምህርት፣ ስንቱ ለቤት መሥሪያ እንደሚውል አስቀድሞ ካልተነጋገሩበት፣ የዓመታት ድካም ዱካው ሳይታይ ይቀራል። በኋላም ላኪው «ገንዘቤ የት ገባ?» ይላል፤ ተቀባዩም «እንደ መጣ ለችግራችን አዋልነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው አስቀድሞ የተሰመረው ትልም ነው።

የተጣመመ ፈር የማይመለስ ጥፋት አይደለም። ገበሬው ጥመቱን ሲያይ በሬዎቹን ያቆማል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ይቀድዳል። ይህን የሚያደርገው ግን ከመዝራቱ በፊት ነው፤ ዘር ከተበተነ በኋላ ማሳውን ማቃናት ዘሩንም ጭምር ማጥፋት ይሆናልና።