ትናንሾቹ ጽዋ መሰል እንጉዳዮች በማይክሮስኮፕ ሲለዩ

ጽዋ መሰል እንጉዳዮች ባርኔጣ የላቸውም፤ ስፖራቸውን የሚያፈሩት በጎድጓዳው ወይም በጠፍጣፋው የላይኛ ገጻቸው ላይ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር የማያልፉት ትናንሾቹ በአጉሊ መነጽር ብቻ አይለዩም። ቢጫውም ብርቱካናማውም ቀለም በማይዛመዱ ወገኖች ላይ ይደጋገማል፤ ድርቀትና እርጅናም ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። ስማቸውን የሚወስነው በማይክሮስኮፕ የሚታየው ውስጣቸው ነው።

ለምሳሌ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ በሶዶ መንገድ በምትገኘው ጫኖ፣ ለፍለጋ የሚመቸው የሙዝ ማሳው ነው። ጥላው ዝናብ ካባራም በኋላ እርጥበት ይይዛል፤ የበሰበሰ ቅጠል፣ የወደቀ እንጨትና የከብት እበት አይጠፋበትም። ለጀማሪ የሚበጀው እበቱ ነው። እበት ላይ የሚኖሩት ዝርያዎች ስፖራቸውን ወደ ብርሃን ይተኩሳሉ፤ ስፖሩ ሣር ላይ ይለጠፋል፣ ከብቱ ሲግጠው አብሮ ይዋጣል፣ አንጀት አልፎ እበቱ ላይ ይበቅላል። ስለዚህ ጥቂት እበት በእርጥብ ወረቀት ላይ፣ በመስታወት ዕቃ ተከድኖ ብርሃን ባለበት ቢቀመጥ በ2 ሳምንት ገደማ ጽዋዎቹ ብቅ ማለታቸው የተለመደ ነው።

ከጽዋው በምላጭ እጅግ ስስ ቁራጭ ይቆረጥና መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ይታያል። ይህ ቅደም ተከተል መዛባት የለበትም። በስፖሩ ውስጥ ያሉት የዘይት ጠብታዎች በትክክለኛ መልካቸው የሚታዩት ሕዋሱ በሕይወት ሳለ ነው፤ አልኮልና ኬሚካል ያጠፏቸዋል ወይም ያዛቧቸዋል። የእንጉዳይ ተመራማሪው ሃንስ ኦቶ ባራል እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጽሑፍ የሕያውና የሞተ ሕዋስ ልዩነት ለአመዳደብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በዝርዝር አሳይቷል።

በ400 እጥፍ ማጉላት አስከስ የሚባሉት ረጃጅም ከረጢቶች ይታያሉ፤ በአብዛኛው እያንዳንዱ 8 ስፖር ይይዛል። የአንዱ ወገን ከረጢት ጫፉ እንደ ድስት ክዳን ተከፍቶ ስፖሩን ይለቃል፤ የሌላው ክዳን የለውም፣ በቀዳዳ ይለቃል። ቀጥሎ ሉጎል አዮዲን ይጨመራል፤ ይህ የሰገራ ምርመራ በሚሠራባቸው ላቦራቶሪዎች የታወቀ ፈሳሽ ነው። ክዳን ካላቸው ወገኖች መካከል የፔዚዛ ከረጢት ጫፍ ሰማያዊ ይሆናል፣ የስኩተሊኒያ ግን አይሆንም። ክዳን ከሌላቸው መካከል በብዙዎቹ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ቀለበት ብቻ ሰማያዊ ትሆናለች፤ ይህች ምልክት በቀላሉ ታመልጣለችና በ1000 እጥፍ፣ በዘይት ሌንስ መታየት አለባት።

እበት ላይ ከሚበቅሉት አንዱ አስኮቦለስ ብዙ ጊዜ ቢጫ አረንጓዴ ነው፤ ገጹ ላይ የተበተኑት ጥቋቁር ነጠብጣቦች የበሰለ ስፖር ይዘው ብቅ ያሉ ከረጢቶች ናቸው። ስፖሩ መጀመሪያ ቀለም አልባ፣ ሲበስል ሐምራዊ፣ ሲያረጅ ቡናማ ነው፤ ሐምራዊው ሽፋኑ በብዙዎቹ ዝርያዎች ቁመቱን የተከተሉ ስንጥቆች አሉት። የቅርብ ዘመዱ የሳኮቦለስ ስፖርም እንዲሁ ሐምራዊ ነው፤ ነገር ግን 8ቱ ተጣብቀው ባንድ ጥቅል ይወረወራሉ። ይህን ጥቅል አንዴ ያየ ሰው ሁለቱን ዳግም አያደባልቅም።

የሚለካው ከከረጢቱ የወጣ፣ የበሰለ ስፖር ብቻ ነው፤ ቢያንስ 20 ያህሉ በማይክሮን ተለክተው ትንሹና ትልቁ ይመዘገባል። የጽዋው ጠርዝ ፀጉር ካለው የፀጉሩ ቀለም፣ ግድግዳና ሥር ይጻፋል። ከዚያ ናሙናው ደርቆ በወረቀት ፖስታ ይቀመጣል፤ በውኃ የታየው ስፖር ሥዕልም አብሮት ይታሸጋል፣ የደረቀው ናሙና የዘይት ጠብታዎቹን መልሶ አያሳይምና።